ወንዝ ዳር ያለ ቤት ልገዛ ነው፤ ግንቡ ያስተማምናል?

ቤት ፈላጊው | ጥር 12፣ ምሽት 2፡40

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቀበና አካባቢ አንድ ቤት አግኝቻለሁ፤ 180 ካሬ፣ ካርታ ያለው፣ ከኋላ ሦስት ክፍል ሰርቪስ። ዋጋው ከሰፈሩ ገበያ በግልጽ ዝቅ ይላል። ደላላውን ለምን ብዬ ስጠይቀው «ሴትዮዋ ልጃቸው ዘንድ ውጭ ሊሄዱ ቸኩለው ነው» ይለኛል። ገብቼ ሳየው ግን የጓሮው አጥር የሚያበቃው ወንዝ ላይ ነው። ወንዝ ልበለው እንጂ አሁን በበጋ ጫማዬን ሳላረጥብ የምሻገረው ነው።

ከአጥሩ ሥር በድንጋይ የተሠራ የድጋፍ ግንብ አለ፤ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። ማዶ ያለው ጎረቤት ደግሞ ከዚህ ከፍ ያለ የኮንክሪት ግንብ እያስገነባ ነው፤ ፌሮው ቆሟል። ሴትዮዋ በኖሩበት ዘመን ሁሉ ውሃ ቤት ገብቶ እንደማያውቅ ይምላሉ። እኔ ልይዘው ነው፤ ሚስቴ «ወንዝ አጠገብ ልጆች ይዤ አልተኛም» ብላለች። የምታውቁ አስታርቁን።

ሰፈር አገናኝ | ጥር 12፣ ምሽት 2፡58

ወንድሜ ያዘው፣ ነገ ዛሬ አትበል። ወንዝ ዳር አሁን ሌላ ነገር ሆኗል። ፓርኩና የእግረኛ መንገዱ ሲደርስ በዚህ ዋጋ አታገኘውም። ጎርፍ ጎርፍ እያሉ የሚያስፈራሩህ ራሳቸው ሊገዙት ነው ሃሃ።

ቀበናዊት | ጥር 12፣ ምሽት 3፡20

ያደግሁት እዚያው ወንዝ ዳር ነው፤ እኔ ብለቅቅም እናቴ እዚያው ናት። ውሃውን ተወውና ቁጥቋጦውን እይ። ቅርንጫፎቹ ላይ ፌስታል ተንጠልጥሎ ታገኛለህ። ያንን ማንም አልሰቀለውም፤ ባለፈው ክረምት ውሃው እስከዚያ ወጥቶ ሲወርድ ጥሎት የሄደ ነው። ከፌስታሉ እስከ ግንቡ ጫፍ ስንት እንደቀረ በዓይንህ ለካ። እናቴ ጓሮ ያለው ሾላ ላይ አንድ የሕፃን ጫማ በማሰሪያው ተጠምጥሞ ከርሞ ነበር፤ እጄን ዘርግቼ አልደረስኩበትም።

ሴትዮዋ «ገብቶ አያውቅም» ማለታቸው ውሸት ላይሆን ይችላል። እኛም ዘንድ ድሮ አይገባም ነበር። ከላይ ያለው ሁሉ ቤትና አስፋልት ከሆነ ወዲህ ነው ነገሩ የተለወጠው።

ጥበቡ ነኝ | ጥር 12፣ ምሽት 3፡31

የተለወጠውማ አየሩ ነው። ዝናቡ ነው ያበደው። ከተማው ምን አጠፋ?

ውሃ ልክ | ጥር 12፣ ምሽት 4፡15

በሙያዬ የውሃ መሐንዲስ ነኝ፤ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

@ጥበቡ ነኝ፣ አየሩን ተወው አልልም። ግን ዝናቡ አንዲት ጠብታ ሳይጨምር ጎርፉ እጥፍና ከዚያ በላይ ሊሆን እንደሚችል በስሌት ላሳይህ። ከአንድ ወንዝ በላይ 100 ሄክታር መሬት አለ እንበል። በሰዓት 60 ሚሊሜትር የሚወርድ ዝናብ መታው። መሬቱ ሣርና እርሻ ከሆነ ከዝናቡ 30 በመቶ ያህሉ ነው በላዩ የሚሮጠው፤ ሌላው ይሰርጋል። ወንዙ ላይ የሚደርሰው በሰከንድ 5 ሜትር ኩብ አካባቢ ይሆናል። ያው መሬት በቆርቆሮ ጣሪያ፣ በአስፋልትና በሲሚንቶ ግቢ ሲሸፈን 80 በመቶው ይሮጣል፤ በሰከንድ ከ13 ሜትር ኩብ በላይ ማለት ነው። ዝናቡ ያው፣ ወንዙም ያው ነው።

ይህም ስሌት ለከተማው ያደላል፣ ምክንያቱም ጊዜውን አልቆጠረም። ሣር ውስጥ እየተንፏቀቀ የሚመጣ ውሃና በቱቦ የሚወርድ ውሃ እኩል አይደርሱም። ቱቦ የተዘረጋው ውሃን ከመንገድ ላይ ቶሎ ለማንሳት ነው፤ ሥራውን በደንብ ሲሠራ የሁሉም ሰፈር ውሃ በአንድ ላይ ወንዙ ውስጥ ይገናኛል። አዲስ አበባ ደግሞ ቁልቁለት ናት። ከእንጦጦ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ፣ አቃቂ 2,100 ሜትር አካባቢ እስክትደርስ ወንዞቹ ሁሉ ወደ ደቡብ ይንደረደራሉ። የላዩ ሰፈር ዝናብ ታች ያለው ሰው ጥላ ሳይዘረጋ ሊደርስበት ይችላል።

የቀረው ነገር በበጋ የምታየው ነው። ያልሰረገ ውሃ ምንጭ አይሆንም። ስለዚህ ያው ወንዝ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይከሳል። @ቤት ፈላጊው፣ ጫማህን ሳታረጥብ መሻገርህ ወንዙ ትንሽ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም በበጋ የሚፈሰው ከፊሉ ከየግቢው የሚለቀቅ ፍሳሽ ነው፤ ሽታው ይነግርሃል።

ወደ ግንቡ። አንድ ሰው መሬት ለማትረፍ ወደ ወንዙ ሁለት ሜትር ገብቶ ግንብ ሲሠራ፣ ቀጥሎ ያለውም ሲከተለው ወንዙ ይጠብባል። የጠበበ ውሃ ወይ ከፍ ይላል ወይ ይፈጥናል፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም። የፈጠነ ውሃ ደግሞ የግንቡን እግር ይቆፍራል። ግንብ የሚወድቀው ውሃ በላዩ ስለዘለለ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው ያየሁት ሥሩ ተበልቶ የወደቀ ነው። ማዶ የሚሠራው ከፍ ያለ የኮንክሪት ግንብ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። እስከ ዛሬ ውሃው ሲሞላ ወደ ሁለቱም ወገን ይከፈል ነበር። ከዚህ ክረምት ጀምሮ ወደ እናንተ ብቻ ነው።

ሰፈር አገናኝ | ጥር 12፣ ምሽት 4፡22

እንዲህ ከሆነ እሱም ከፍ ያድርግ። ድንጋይ ጠፍቷል?

ውሃ ልክ | ጥር 12፣ ምሽት 4፡26

ያድርግ። ከዚያ የማዶው ይጨምራል፣ ከታች ያለው ደግሞ የሁለቱን ዕዳ ይቀበላል። አቅም የሌለው ግንብ አይሠራም፤ ውሃው እሱን ይፈልጋል።

የከዚራ ልጅ | ጥር 13፣ ጠዋት 1፡05

አቦ ስለ ደረቅ ወንዝ እኛን ጠይቁን!

ድሬዳዋን የማታውቁ፣ ከተማዋን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍላት ደቻቱ ነው። ወንዝ ይባላል እንጂ በአብዛኛው ዓመት አሸዋ ነው። ሰው አቋርጦት ይሄዳል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ገበያ ይዘረጋበታል። ከተማዋ ራሷ እኮ በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡሩ ሲደርስ የተቆረቆረች ናት፤ ሜዳው አመቺ ነበር፣ ውሃውም የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ሰው እያደር ወደ አሸዋው ተጠጋ። ማን ይከለክለዋል፣ ባዶ መሬት ነው የሚመስለው።

በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ላይ ሌሊት መጣ። ዋናው ዝናብ የወረደው ከላይ፣ ከደጋው ነው፤ ዛፉ ካለቀበት ከሐረርጌ ተራራ። ከተማው ተኝቷል። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሺህ ተፈናቀለ። ጠዋት አሸዋው ላይ አልጋ፣ በር፣ ግማሽ ጣሪያ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር ሁሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ነው በዳርና ዳሩ ትልልቅ ግንብ የተሠራው። ግንቡ ጥሩ ነው፣ አልጠላውም። ግን ግንቡ ከተሠራ ወዲህ ሰው ልቡን ጥሎ እንደገና ግንቡ ጥግ ገባ። እናቴ እስከ ዛሬ ከላይ በኩል ባለው ደንገጎ ተራራ ላይ ደመና ካየች ልብስ አውልቃ አትተኛም።

ሚስትህን ስማት ነው የምልህ።

የፎገራው | ጥር 13፣ ጠዋት 3፡40

እኔ የከተማ ሰው አይደለሁም፤ ወረታ ነው ያደግሁት። እኛ ዘንድ ነገሩ ገልበጥ ያለ ስለሆነ ልጨምር።

የፎገራ ሜዳ ማለት ርብና ጉማራ አፈር እያመጡ ያነጠፉት ነው። ጎርፍ ለእኛ አባቶች ጠላት አልነበረም። መጥቶ ይተኛል፣ ሲሸሽ ጥቁሩን ደለል ትቶ ይሄዳል፣ በዚያ እርጥበት ሽምብራና ጓያ ይዘራል። የፎገራ ላም እንኳ ረግረጉን የለመደች ናት። ሩዝ ሲገባ ደግሞ ውሃ የተኛበት መሬት ዋጋው ናረ፤ ያ ሁሉ «ኤክስ ጅግና» የሚባለው ሩዝ ጎርፍ የሚተኛበት ማሳ ላይ ነው የተስፋፋው።

ከዚያ መንገዱም ከተማውም እንዳይጥለቀለቅ ተብሎ የወንዙ ዳርና ዳር በአፈር ተከተረ። ሐሳቡ ደግ ነው። ግን ወንዙ ደለሉን ሜዳው ላይ ማራገፍ ሲከለከል የት ያድርገው? የራሱ ሆድ ውስጥ ነዋ። ርብ አልጋው ከፍ እያለ መጣ። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ የምታልፉት የርብ ድልድይ ሥር ድሮ ከብት ይዘን እናልፍ ነበር፤ ኋላ ላይ ጎንበስ ብሎ ማለፍም ያስቸግር ጀመር። ክትሩን ከፍ ያደርጋሉ፣ ደለሉ ይከተላል፣ ደግሞ ከፍ ያደርጋሉ። አሁን አንዳንድ ቦታ ወንዙ ከማሳው በላይ ነው የሚሄደው። እንዲህ ያለ ወንዝ ክትሩን አንድ ቦታ የበጠሰ ቀን እንደ ድሮው ቀስ ብሎ አይተኛም፤ ተወርውሮ ነው የሚወጣ። ያመጣውም ጥቁር አፈር አይደለም፣ አሸዋ ነው። አሸዋ የተደፋበት ማሳ ሩዝ አያበቅልም።

መፍረዱ ግን ቀላል አይደለም። ክትሩ ባይኖር የእኔ እናት ቤት በየዓመቱ ውሃ ይገባዋል።

ውሃ ልክ | ጥር 13፣ ጠዋት 4፡10

@የፎገራው፣ ግሩም አድርገህ ነው ያስቀመጥከው። አንድ ልጨምር፦ የወንዝ ጫፍ ያለው ሐይቁ ላይ ነው። ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጨረጨራ ላይ የተሠራው ክትር የጣና ውሃ ዓባይ ላይ የሚወጣበትን መጠን ይቆጣጠራል። ሐይቁ ከፍ ብሎ ሲቆይ የሚገባው ወንዝ ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘ ወንዝ ደግሞ ሸክሙን እዚያው ይጥላል። ያ ደለል የመጣው ከላይ ካለው የታረሰ ዳገት ነው። ስለዚህ እናንተ የሦስት ነገር ውጤት ነው የምታዩት፤ የላዩ እርሻ፣ የመሃሉ ክትር፣ የታቹ ሐይቅ። አንዱን ብቻ መውቀስ ስህተት ነው።

ጂንካ | ጥር 13፣ ቀን 6፡30

@የፎገራው፣ «ጎርፍ ጠላት አልነበረም» ያልከው ነገር ኦሞ ዳር ከሁሉ ይብሳል። በ1998 ነሐሴ፣ ከድሬዳዋው ከቀናት በኋላ፣ ኦሞ ሞልቶ ዳሰነች ውስጥ ከ360 በላይ ሰው ወሰደ። ግልገል ጊቤ ሦስት ግድብ ሲሠራ «ከእንግዲህ ወንዙ ይገራል» ተባለ፤ እውነትም ተገራ። ግን የዳሰነች ሰው ማሽላ የሚዘራው ጎርፉ ሲሸሽ በሚተወው ጭቃ ላይ ነበር። የየዓመቱ ሙላት ሲቀር ያ እርሻም አብሮ ቀረ። የሚገርመው አሁን ደግሞ የቱርካና ሐይቅ ከፍ ብሎ፣ ኦሞም ሞልቶ፣ እነዚያው ሰዎች መንደራቸውን ለቀው ወጡ። ሲፈልጉት ጠፍቶ ሳይፈልጉት መጣባቸው።

ሰፈር አገናኝ | ጥር 13፣ ቀን 6፡44

ሰውዬው የጠየቀው 180 ካሬ ነው፣ እናንተ ቱርካና ደረሳችሁ።

የአርሊንግተኗ | ጥር 13፣ ምሽት 1፡15

ሃሃ፣ እኔ ደግሞ ቨርጂኒያ ልወስዳችሁ ነው፣ ታገሡኝ አቶ አገናኝ። ለጥያቄው ግን ይጠቅማል።

እዚህ አርሊንግተንና አሌክሳንድሪያ ያለን ሐበሾች በየቀኑ የምንሻገረው ፎር ማይል ረን የሚባል ወንዝ አለ። ቀበናን ቢያክል ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ዋሽንግተን ስትሰፋ ተፋሰሱ ሁሉ ቤትና ፓርኪንግ ሆነ። ከዚያ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (ዓመቶቹን በእ.ኤ.አ. ነው የምነግራችሁ) ታች ያለው አርላንድሪያ የሚባለው የድሃ ሰፈር በተደጋጋሚ ተጥለቀለቀ፤ በ1972ም አግነስ የሚባለው ማዕበል መታው። የሠራዊቱ መሐንዲሶች መጥተው ወንዙን አስፍተው ድንጋይና ኮንክሪት አለበሱት፤ የባቡር ድልድዮቹም ሥር ውሃውን ያንቁት ስለነበር ተከፈቱ። ሥራው እስከ 80ዎቹ ወሰደ።

እኔን የሳበኝ ሌላው ነው። ከቦዩ ሥራ ጋር ተያይዞ በተፋሰሱ ያሉት አራት ማዘጋጃ ቤቶች በ1977 ተፈራረሙ፦ ከላይ ያለ ማንም አልሚ የሚጨምረው ውሃ ታች ያለውን ጎርፍ እንዳያሳድግ በኮምፒውተር ሞዴል እየተፈተሸ ይፈቀድለታል። ምክንያቱም ቦይ የሚሠራው ለተወሰነ ውሃ ነው። ከላይ በነጻ የሚገነባ ከሆነ ያ ሁሉ ገንዘብ ጥቂት ዓመት ብቻ ነው የሚያገለግለው። ኋላ ደግሞ «ወንዙን ገደልነው» ብለው ታች በኩል ድንጋዩን በከፊል አንስተው ረግረጉን መልሰው ተከሉ። አንዴ ለማድረቅ ከፍለው፣ አንዴ ለመመለስ ከፈሉ። ሀብታም አገር ስለሆነ ነው የቻሉት።

አዲስ አበባ ግን ከላይ ያለው ክፍለ ከተማ ታች ላለው ክፍለ ከተማ ማን ብሎ ይጠይቃል?

ጥበቡ ነኝ | ጥር 13፣ ምሽት 1፡50

ቆይ፣ የወንዝ ዳርቻ ልማቱስ? በ2011 ሲታወጅ እኮ ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር፣ 29 ቢሊዮን ብር ተብሎ ነው። እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል። ያ ቆሻሻ መጣያ ከነበረው ይሻላል። እናንተ መቼም ሁሉን ትቃወማላችሁ።

ውሃ ልክ | ጥር 13፣ ምሽት 2፡20

አልቃወምም። መናፈሻ ወንዝ ዳር ቢሆን ከቤት እጅግ ይሻላል፤ መናፈሻ በዓመት ሁለቴ ቢጥለቀለቅ ማንም አይሞትም። እኔ አንድ መናፈሻ ሳይ የምጠይቀው ሣሩ ያማረ መሆኑን አይደለም። ወንዙ ሲሞላ መሬቱ ላይ መውጣት ይችላል ወይ? ሣሩ ዝቅ ብሎ ውሃ የሚቀበል ከሆነ የጎርፍ ሜዳ ሆኗል ማለት ነው። ሣሩ ከኮንክሪት ግንብ ጀርባ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ከሆነ ወንዙ ቦይ ሆኗል፣ አበባው ጌጥ ነው። ሁለቱም ዓይነት አለ።

ሌላም አለ። በሌሊት ሲኖትራክ መጥቶ የግንባታ አፈር ገደል ውስጥ ሲደፋ አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል? ያ አፈር በክረምት ይወርዳል፣ ካልቨርት (መንገድ ሥር ውሃ የሚያሳልፈው ቱቦ) ሥር ከፌስታልና ከፕላስቲክ ጠርሙስ ጋር ይገናኛል፣ ካልቨርቱ ይደፈናል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መንገዱ ግድብ ነው። ታች ያለው ሰው ሳይሆን ከመንገዱ በላይ ያለው ሰው ቤት ውሃ ይሞላል። የተረፈው አባ ሳሙኤል ነው የሚጠራቀመው። በጣልያን ዘመን ለመብራት የተሠራው ግድብ ዛሬ የአዲስ አበባ ወንዞች ሁሉ ጠቅልለው የሚገቡበት ነው፤ ደለል ሞልቶት እንቦጭ ለብሷል። ከዚያ ያለፈው አዋሽ ገብቶ ቆቃን ይሞላል። በቆቃ ውስጥ ደለል የያዘው ቦታ ጎርፍ ሲመጣ ውሃ የሚያዝበት ቦታ ነበር፤ ክረምቱ ሲበረታ ከግድቡ ውሃ ይለቀቃል፣ ታች ያለው አርሶ አደር ይጥለቀለቃል። ከጓሮህ የተደፋ አፈር ወንጂ ድረስ ጉዳይ አለው።

ቀበናዊት | ጥር 13፣ ምሽት 2፡41

የሲኖትራኩን ነገር አታንሳብኝ። እናቴ ሰፈር አንዱ ሲደፋ ብንጠይቀው «ወንዙ ይወስደዋል» አለን። አዎ፣ ወሰደው። የወንጂዎቹ ይቅር ይበሉን።

ቤት ፈላጊው | ጥር 19፣ ምሽት 2፡05

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ሚስቴን ይዤ ተመልሼ ሄድኩ። ያላችሁትን ሁሉ አየሁ፦

ፌስታል አለ። ከግንቡ ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ፣ ማዶ ካለ ግራዋ ላይ። የማዶው ግንብ ገና አልተሞላም።

ከታች፣ ወደ ሁለት መቶ ሜትር ላይ፣ አንድ መንገድ ወንዙን በካልቨርት ይሻገራል። ሁለት ቱቦ ነው፤ አንዱ ግማሽ ድረስ አፈር ይዞታል፣ አፉ ላይ ፍራሽ ተወትፏል።

የሰርቪሱን ግድግዳ ከኋላ ሳየው ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ ከላዩ ይለያል። የጥበቃው ሰውዬ «ዘንድሮ ነው የተቀባው» አለኝ። ለምን እስከ ጉልበት ብቻ ስል ዝም አለ። ሚስቴ ከዚያ በኋላ ወደ ዋናው ቤት አልገባችም፣ መኪና ውስጥ ጠበቀችኝ።

ግንቡን ደግሞ ከወንዙ ውስጥ ሆኜ አየሁት። የውሃ ማስተንፈሻ ቀዳዳ የሚባል ነገር የለውም። ከሥሩ አንድ ቦታ እጄ ይገባል። @ውሃ ልክ ይኼ ምን ማለት ነው? ደላላው በሲሚንቶ ይደፈናል፣ የአንድ ቀን ሥራ ነው ይላል።

ሰፈር አገናኝ | ጥር 19፣ ምሽት 2፡12

ታዲያ ይደፈናላ።

ውሃ ልክ | ጥር 19፣ ምሽት 3፡00

ቀዳዳ አለመኖሩና ሥሩ መበላቱ ሁለት የተለያየ ችግር ነው።

የድጋፍ ግንብ ማስተንፈሻ ቀዳዳ የሚበጅለት ከጀርባው የሚጠራቀመው ውሃ እንዲወጣ ነው። ከሌለው የጓሮው አፈር ሐምሌ ላይ ውሃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ግንቡን ከጀርባ ይገፋል። ወንዙ ሞልቶ ሳለ ከፊት ይደግፈዋል፤ አደጋው የሚመጣው ወንዙ በድንገት ሲወርድ ነው። ስለዚህ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ሰው ተረፍን ብሎ ሲገባ የሚወድቅ ግንብ አለ። ይህን በኋላ መብሳት ይቻላል፣ ውድ አይደለም።

ሥሩን በተመለከተ እጅህ ገባ ማለት ወንዙ አልጋውን ወደ ታች እየቆፈረ ከመሠረቱ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ሲሚንቶ ሞልተህ ብትለስነው ውሃው ከሲሚንቶው በታች ይቀጥላል። ማዶው ግንብ ሲያልቅ ደግሞ ውሃው ስለሚፈጥን ቁፋሮው ይብሳል። መሠረቱን በትክክል ለማጠናከር ወንዙን አዙሮ፣ ከአልጋው በታች ወርዶ፣ ፊት ለፊቱን በጋቢዮን (በሽቦ መረብ በታሰረ ድንጋይ) ማልበስ ያስፈልጋል። ያ ያለ ፈቃድ አይሠራም፤ ወጪውም ደላላው የቀነሰልህን ሊበላው ይችላል።

ካርታውን ይዘህ መጀመሪያ ክፍለ ከተማው ሂድና የወንዝ ዳርቻው ወሰን የት እንደሚያልፍ በጽሑፍ ጠይቅ። ሰርቪሱ ወሰኑ ውስጥ ከወደቀ የምትገዛው 180 ካሬ አይደለም። ከዚያ ውጭ ከሆነና አሁንም ልብህ እዚያ ካለ ከመፈረምህ በፊት በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ ቅዳሜ ሜትር ይዤ እመጣለሁ። ፍራሹን ግን እስከዚያ አስነሱት፣ የበልግ ዝናብ እየመጣ ነው።